በየብልቃጡ ሦስት ፌንጣ

አማቴ ሊፍት አትሳፈርም። ቤቷ ስድስተኛ ፎቅ ነው፤ ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። ቢሆንም በእግሯ ትወጣለች፣ በእግሯ ትወርዳለች። ሊፍቱ ተበላሽቶ አይደለም። የሊፍቱን የቁጥጥር ካርድ በየወሩ የምፈርመው እኔ ስለሆንኩ ነው።

«ፈርቼ አይደለም» ትላለች ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆማ ትንፋሿን እየሰበሰበች፣ ለጠየቃት ጎረቤት ሁሉ። «ፈራሚውን ስለማውቀው ነው።»

ፊት ለፊት እርስዎ እላታለሁ። በሆዴ ግን ከተዋወቅንበት ቀን ጀምሮ አንቺ ነው የምላት። በአንድ ብስኩት ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታ ነው ጡረታ የወጣችው። እዚያ «ወንፊቷ» ይሏት ነበር። ሠራተኞቹ ስሙን ያወጡላት ለስድብ ነው፤ እሷ ግን እንደ ሜዳልያ አንጠልጥላው ወጣች። እስከ ዛሬ ድረስ ዳቦ ስትቆርስ መጀመሪያ ወደ መስኮት ወስዳ ወደ ብርሃን ታነሳዋለች።

የተከራየነው ቤት ይፈርሳል ተብሎ እኔና ባለቤቴ ስንወጣ፣ ወደ እሷ ገባን። በር ላይ ቆማ ዕቃችንን አንድ በአንድ አሳለፈች። ፍራሹ አለፈ። ቴሌቪዥኑ አቧራ አለበት ተብሎ ተመልሶ ተወልውሎ አለፈ። በእቅፌ የያዝኩት የመስታወት ሳጥን ጋ ስትደርስ መነጽሯን አደረገች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሸረሪት ናት፣ እማማ።»

«ሸረሪትማ እኔም አለችኝ፤ በየጣሪያው ጥግ። የምንገናኘው በመጥረጊያ ነው።»

«ይቺ ታራንቱላ ናት። የሰው መዳፍ ታክላለች፣ ሰው አትነካም። ወይዘሮ ነው የምላት። አብራኝ አሥራ አንድ ዓመት ኖራለች።»

«ልጄስ?»

«አራት።»

«እህ» አለች፤ ወደ ልጇ ዞር ብላ። «በላይዋ ላይ ነዋ ያገባሽው።»

ባለቤቴ ሣቀች። የጥርስ ሐኪም ረዳት ስለሆነች ቀኑን ሙሉ አፉን ከፍቶ የሚያቃስት ሰው ስታይ ትውላለች፤ የእኔና የእናቷ ጠብ ከሥራዋ ጋር ሲወዳደር ለእሷ መዝናኛ ነው።

አማቴ ሕጓን እዚያው በር ላይ ደነገገች። ወይዘሮ የምትቀመጠው በመስታወት የተዘጋው በረንዳ ላይ ነው። ምግቧ ከበረንዳው አልፎ ቤት አይገባም። «ደግሞም የታመመች ዕለት ትወጣለች። በማን ጥፋት ታመመች ብዬ አልጠይቅም። የታመመ አውሬ ቤቴ አላስታምምም።»

ተስማማሁ። ምን አማራጭ ነበረኝ? ወይዘሮን የሚቀበል ሌላ ዘመድ የለኝም። የገዛ እናቴ እንኳ እኔን ለመጠየቅ ስትመጣ ከበር ሆና ነው በስልክ የምታናግረኝ። ወይዘሮ ከዚያ በረንዳ ከወጣች፣ ለማላውቀው ሰው ሰጥቻት ነው የምትወጣው።

በሁለተኛው ሳምንት ስመግባት አማቴ የበረንዳው በር ላይ መጥታ ቆመች። እጇን አጣምራለች። ዕድል ያገኘሁ መሰለኝና በአስተማሪ ድምፅ ጀመርኩ። ምግቧ በሕይወት ያለ ፌንጣ ነው። ፌንጣው ከሆዷ መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠ ታጋይ ይሆናል። ቀልጣፋ መሆን አለበት፤ የሚንቀረፈፍ ፌንጣ የታመመ ፌንጣ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ካልበላችው ይወጣል፤ ቆዳዋን በምትቀይርበት ጊዜ ከሆነ ፌንጣው ራሱ እሷን ይበላታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከሜዳ የተለቀመ ነፍሳት አይሰጣትም። የት እንደዋለ፣ ማን ምን እንደረጨበት አይታወቅም። ከሚያረባ ሰው ብቻ።

«አቅራቢው ማነው?» አለች።

«ማን?»

«ፌንጣውን የሚያቀርበው። ስም የለውም? የመጣበት ቀን የታለ? ሳጥኑ ላይ ምንም አልተጻፈም።»

«እማማ፣ ፌንጣ እኮ ነው።»

«አሁን አንተ ነህ እንደ መምህር ስትለፈልፍ የነበርከው። የት እንደዋለ ይታወቅ አላልክም? በምን ይታወቃል ታዲያ፣ በመልኩ?»

በማግስቱ ኮሪደሩ ላይ መደርደሪያ ተሠራ። ከዚያ ቀን ወዲህ ካመጣሁት ሳጥን ሁሉ ሦስት ሦስት ፌንጣ እየወሰደች፣ ክዳኑ በተበሳሳ የማርማላታ ብልቃጥ ታስቀምጥ ጀመር። በየብልቃጡ አንድ ቁራጭ ካሮት። በየብልቃጡ ወረቀት፦ ቀን፣ አቅራቢ፣ ተራ ቁጥር። ስንቱ መቼ እንደሞተም ትመዘግባለች።

«እማዬ» አለቻት ባለቤቴ፣ «ፌንጣ ቤቴ አይገባም ብለሽ አልነበር?»

«ይሄ ፌንጣ አይደለም። ናሙና ነው። በፋብሪካ ከየምርቱ ትንሽ ትቀመጣለች። ሰው ብስኩታችሁ አሳመመኝ ብሎ ሲመጣ፣ ያቺ ናት የምትመሰክረው።»

«ለማን ነው የምትመሰክረው እዚህ?»

«ለእኔ ነዋ። ኢንጂነሩ ባልሽ አንድ ቀን ይሳሳታል። ያን ቀን ባዶ እጄን አልገኝም።»

ይህን የተናገረችው እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ካልሲዬን ሳወልቅ ነው። ድምፅዋን እንኳ ዝቅ አላደረገችም።

እንዲህ ሆነን ሰባት ወር ኖርን። መደርደሪያው ላይ ብልቃጦቹ አሥራ ሦስት ደረሱ፤ ወይዘሮም ደህና ነበረች። ያናደዳት እሱ ይመስለኛል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የፋብሪካ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ፣ ፀጉሯን በነጭ ቆብ ሸፍና ሳሎን ጠበቀችኝ።

«ዛሬ አቅራቢውን አያለሁ» አለች።

አርቢው የሚሠራው አሮጌ ጋራዥ ውስጥ ነው። ግድግዳው ሙሉ የፕላስቲክ ሳጥን ተደርድሮበታል፤ በየሳጥኑ የእንቁላል መያዣ ካርቶን አለ፤ ፌንጣው በየካርቶኑ ጉድጓድ ተሸሽጎ ይንጫጫል። አየሩ እንደ ታመቀ ትንፋሽ ሞቃት ነው። ስድስት ዓመት ደንበኛው ነበርኩ፤ ስመጣ እንኳ ቀና አይልም፣ በእጁ ብቻ «ውሰድ» ይለኛል። ጋዋኑን ሲያይ ግን ብድግ አለ።

«ምን ልታዘዝ፣ እማማ?»

«የሚበሉትን አሳየኝ።»

«ማን? እኔ?»

«ፌንጣዎቹ። የአንተንማ ከሸሚዝህ ላይ አየሁት።»

ከአንድ ምግብ ቤት የሚያመጣውን የካሮትና የድንች ልጣጭ በባልዲ አሳያት። ጎንበስ ብላ አሸተተች።

«ታጥቧል?»

«ልጣጭ ማን ያጥባል?»

«ገበሬው የረጨው መድኃኒት የት የሚቀር ይመስልሃል? መሐሉ ላይ? አንተ ልጣጩን ለፌንጣ፣ ፌንጣው ለሸረሪት።» ወደ አንዱ ሳጥን ሄዳ በእርሳስ እየገፋች ሬሳ ቆጠረች። «አሥራ አንድ። ይሄ ሳጥን አይወጣም።» ከኪሷ ቀይ ካርድ አውጥታ ሳጥኑ ላይ ለጠፈች። ካርዱ ላይ በትልቁ «ታግዷል» ይላል። ጡረታ ስትወጣ አንድ እሽግ ይዛ እንደወጣች ያኔ ነው ያወቅሁት።

አርቢው ካርዱን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ካርዱን አየ።

«እናቴ፣ ይሄ ለሸረሪት ነው። የሰው ምግብ አይደለም።»

«ለሰውማ ቢሆን ይህን ያህል አልለፋም። ሰው ሆዱን ሲቆርጠው ይጮሃል፤ ፋብሪካ ድረስ መጥቶ እናትህን ይሰድባል። ይቺ በምን አፏ ትናገር?»

«ይውጡልኝ።»

«ካርዱን አልነቅልም ካልክ ነው የምወጣው።»

«አንተ» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው መስለኸኝ። ይዘሃቸው ውጣ። ሁለተኛ በዚህ ደጃፍ እንዳላይህ።»

ሕንፃችን ስንደርስ ሆን ብዬ በሊፍት ወጣሁ። በር ከፍታ እስክትገባ ድረስ ቆሜ ጠበቅኋት፤ ጉልበቷን ይዛ፣ ፊቷ አመድ መስሎ መጣች።

«በከተማው ያለው ብቸኛ አርቢ እሱ ነው» አልኳት። «አሁን ምን ትብላ?»

«ሸረሪት ሁለት ወር ሳትበላ ትኖራለች ያልከኝ አንተ ነህ። አሥራ አንድ ጊዜ ነግረኸኛል፣ ማስታወሻዬ ላይ አለ።»

እውነቷን ነው። ወይዘሮ ብትጾም ምንም አትሆንም። ጊዜ ነበረኝ፤ ሌላ ከተማ ያለ አርቢ ፈልጌ ማስመጣት እችል ነበር። ግን አማቴ በየጠዋቱ የጥርስ ብሩሿን እንደያዘች በበረንዳው መስታወት አየት ታደርግና «ከሳች» ትላለች። ሌላ ምንም አትልም። «ከሳች» ብላ ትሄዳለች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ትዕግሥቴ አለቀ።

በዚያው ሐሙስ ከምቆጣጠራቸው ሕንፃዎች በአንዱ፣ ባለ ዘጠኝ ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ፣ ምድር ቤት የበር ጎማ ስቀይር ፌንጣ ሰማሁ። ድምፁ የሚመጣው ከሊፍቱ ጉድጓድ ነው። ሊፍቱን ወደ ላይ ሰድጄ፣ አጥፍቼ፣ በመሰላሉ ወረድኩ። ጥቋቁር ፌንጣዎች በዘይት በራሰ አቧራ ላይ ይሄዳሉ። ልክ ለወይዘሮ የተሰፉ ይመስላሉ፤ ከሆዷ አይበልጡም። ሀያ ያህል ለቀምኩ።

ሕጌን ረስቼ አይደለም። አስቤበታለሁ። ይሄ ማንም ምን እንደረጨበት የማይታወቅ ሜዳ አይደለም አልኩ ለራሴ። ይሄ የእኔ ጉድጓድ ነው። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ካርዱ ላይ ያለው የእኔ ፊርማ ነው። እኔ ሳላውቅ እዚህ ምን ሊደረግ ይችላል?

ማታ በአርቢው አሮጌ ሳጥን አድርጌ ይዤ ገባሁ። አማቴ ሦስቷን ወሰደች፤ እርሳሷን አነሳች።

«አቅራቢ?»

«አዲስ ሰው ነው።»

«ስሙ?»

«ስም ምን ያደርጋል?»

ብልቃጡ ላይ «አሥራ አራት፣ ያልታወቀ» ብላ ጻፈች።

ዓርብ ጠዋት ወረንጦዬን ይዤ በረንዳ ስወጣ፣ የፌንጣው ሳጥን ላይ ቀይ ካርድ ተለጥፏል። ታግዷል። ቀን፣ ሰዓት፣ ፊርማ። አማቴ በሩ ላይ ነበረች፤ በሌሊት ልብሷ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሦስቱም በጀርባቸው ናቸው። ሁለቱ ሞተዋል፣ አንዱ እግሩን ያራግፋል።»

«እንዴት ባንድ ሌሊት ይሞታሉ?»

«እሱን አንተ ንገረኝ።»

«እኔ ልንገርዎት? እርስዎ ናቸው የገደሏቸው። አርቢዬን አሳጡኝ፣ ሌላ ሳገኝ ደግሞ ይሄን አመጡ። ወይዘሮ ሞታ ካላዩ እንቅልፍ አይወስድዎትም።»

«ጨረስክ?»

«አልጨረስኩም። ይሄ ፋብሪካዎ አይደለም፤ እኔም ሠራተኛዎ አይደለሁም።»

«ካርዱ ላይ ተጽፏል» አለች። «የእኔ ሥራ እዚህ ድረስ ነው።» ከበሩ ፈቀቅ አለች፤ እጄን ልትይዝ አልሞከረችም።

ካርዱን ገነጠልኩት። እሷ እያየችኝ ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት ቀደድኩት። ከሳጥኑ አንዱን ፌንጣ በወረንጦ ስይዘው ብዙም አልታገለኝም። ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው። ጠዋቱ ስለቀዘቀዘ ነው አልኩ። ጭራሽ ለአንድ አሮጊት ሸረሪት ይመቻታል አልኩ። ወይዘሮ ከሁለት ሳምንት ጾም በኋላ ስለነበረች መሬት እስኪነካ እንኳ አልጠበቀችውም።

ከሥራ ስመለስ እግሮቿ ይንቀጠቀጡ ነበር። ወደ ፊት ልትሄድ ስትል ወደ ጎን ትሄዳለች፤ መስታወቱን ትገጫለች፤ ተመልሳ ትገጫለች። የውሃ ሳህኗን ደፋችው። ቅዳሜን እንዲሁ ዋለች። አራት ዓመት ሙሉ በእጇ ነክታት የማታውቀው ባለቤቴ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ውሃ ስታንጠባጥብላት ዋለች፤ የጥርስ ክፍል ጓንቷን አድርጋ፣ ፊቷን አዙራ። እሑድ ጠዋት ወይዘሮ ስምንት እግሯን ከሥሯ ሰብስባ፣ እንደ ተጨበጠ እጅ ሆና አገኘኋት።

ሳሎን ገባሁ። አማቴ ሻይ እየጠጣች ነበር።

«መርዘዋታል» አልኳት።

ባለቤቴ «አንተ፣ ተው» አለች።

«አልተውም። ፍሊት ነፍተውባታል። በረንዳ ላይ የሚያጸዱበት ነገር ምን እንደሆነ ማን ያውቃል? ሰባት ወር ሲያዘጋጁ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ብልቃጥ...»

አማቴ ሻይዋን አስቀመጠች። ኮሪደር ሄዳ ብልቃጦቹን ሁለት ሁለት እያደረገች አመጣች። አልተቻኮለችም፤ ሰባት ጊዜ ተመላለሰች። አሥራ አራቱን ጠረጴዛው ላይ በተራ ደረደረቻቸው። በድሮዎቹ ውስጥ ደረቅ ሬሳ አለ፤ በእርጅና የሞቱበት ቀን ተጽፏል። በቅርቦቹ ውስጥ አሁንም ካሮት የሚግጡ አሉ፤ አንዱ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ጮኸ።

«አንድ መደርደሪያ» አለች። «አንድ አየር፣ አንድ ካሮት። እኔ ነፍቼ ቢሆን ይሄ አሁን ይዘፍንልህ ነበር?» አሥራ አራተኛውን በጣቷ ወደ እኔ ገፋችው። «ከየት ነው ያመጣኻቸው?»

ባለቤቴም ታየኛለች።

«ከሥራ ቦታ። ከሊፍት ጉድጓድ።»

«ጉድጓዱ ውስጥ ምን ተረጭቶበታል?»

«ምንም።»

«በምን አወቅህ?»

«ካርዱን የምፈርመው እኔ ነኛ» አልኩ።

ይህን ስል የገዛ ጆሮዬ ሰማኝ። አማቴ አልሣቀችም። ቢያንስ ብትሥቅ ይሻለኝ ነበር። ሻይዋን አነሳች።

«ሳጥኑ ዛሬ ይወጣል» አለች። «በር ላይ ተነጋግረናል።»

«ወይዘሮ ሞታለች እኮ።»

«ሳጥኑ አለ።»

አወጣሁት። ከሕንፃው ኋላ፣ ከአጥሩ ሥር ወይዘሮን ቀበርኳት፤ የመስታወቱን ሳጥን ዕቃ ግምጃ ቤት ወሰድኩት። ስመለስ አንድ ነገር አልዋጥ ስላለኝ በሯ ላይ ቆምኩ።

«ዓርብ ዕለት ዝም ቢሉ ኖሮ ያው ይገላገሏት ነበር። ለምን ለጠፉት ካርዱን?»

«ለአንተ ብዬ መሰለህ እንዴ?» ማስታወሻዋን እየዘጋች ነው የመለሰችልኝ። «ብልሽት አይቼ አላሳልፍም። የሚበላው ጠላቴ ቢሆንም።»

«አቅራቢውን ስለደበቅሁ፣ አታላይ ነኝ ማለትዎ ነው?»

«አንተማ አታላይ እንኳ አይደለህም። አታላይ ከመፈረሙ በፊት ያነባል።»

ሰኞ በማለዳ ወደ ባለ ዘጠኝ ፎቁ ሕንፃ ሄድኩ። የወሩ መጀመሪያ ሰኞ ሲሆን ከዚያ ሕንፃ ጥበቃ ጠረጴዛ ላይ፣ እዚያ የሚሰበሰቡትን የሁሉንም ሕንፃዎች ካርዶች ተቀብዬ፣ ጉልበቴ ላይ ደርድሬ እፈርማለሁ፤ አሥራ ሁለት ካርድ፣ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። የዚያን ሕንፃ ካርድ አስወጥቼ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። ከእኔ ፊርማ በላይ ባለው መስመር፣ በማላውቀው ሰው እጅ፣ በጥሩ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «በሊፍቱ ጉድጓድ የተባይ መርዝ ተረጭቷል። ለሠላሳ ቀን ማንም እንዳይገባ።» ከሥሩ «አንብቤ ተረድቻለሁ» የሚል አለ። ከእሱ ሥር እኔ አለሁ። ፊርማዬ ደግሞ ያምራል።

ከሥራ ስመለስ የሕንፃችን መግቢያ በሰው ተሞልቷል። አራተኛ ፎቅ ያለው ሰውዬ የውሃ ጀሪካን ይዞ ቆሟል፤ ከኋላው ሕፃን ያዘለች ሴት፤ ከእሷ ኋላ ብስክሌቱን ያቀፈ ወጣት። ሊፍቱ በር ላይ፣ ልክ በመጥሪያው ቁልፍ ላይ፣ ቀይ ካርድ ተለጥፏል። ታግዷል። ቀን፣ ሰዓት፣ ፊርማ። «ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ በእርሳስ፣ ቀጥ ባለ የፋብሪካ ጽሑፍ፣ «ፈራሚው» ተብሎ ተሞልቷል።

«ወንድም፣ ምንድን ነው ነገሩ?» አለኝ ባለ ጀሪካኑ። «አማትህ ናት አሉ የለጠፈችው። ሊፍቱ ተበላሽቷል?»

እጄን ወደ ካርዱ ዘረጋሁ። ጫፉን ያዝኩት። ከላይ፣ ከደረጃው በኩል፣ አማቴ ቆማ ስታለከልክ ይሰማኛል፤ ስንተኛ ፎቅ እንደደረሰች ከትንፋሿ አውቃለሁ፣ ሦስተኛው ላይ ናት።

«አላውቅም» አልኩት።

«አንተ አይደለህ እንዴ በየወሩ የምትፈርመው?»

«ነኝ።»

«ታዲያ?»

ካርዱን ለቀቅኩትና የጉድጓዱን ቁልፍና ባትሪዬን ለማምጣት ሄድኩ። ከኋላዬ ባለ ጀሪካኑ በደረጃው እየወጣ፣ በየእርምጃው ስሜን ከነአባቴ እያነሳ ይሰድበኝ ነበር።